ባለ አንድ ዐይን ገበሬዎች

ከፊት ለፊት የሚታይ አፍንጫ መሣል አልችልም ነበር። ዛሬ ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ለማንም የማልናገረው ነውሬ ነበር። ዳባት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት “ሥዕል የምትችለዋ መምህርት” እየተባልኩ፣ የልብና የሳንባ፣ የበቆሎ አበባና የአፍሪካ ካርታ በዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ እየሣልኩ ሦስት ዓመት ስከበር፣ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ አንድም ሰው ሥዬ እንደማላውቅ ያስተዋለ አልነበረም። ሰዎቼ ሁሉ ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የሥዕል አስተማሪያችን አፍንጫ የሚቸግረንን ሁሉ “ከጎን ሣሉት፣ ተራራ መሣል ማለት ነው” ብሎ ገላግሎን ነበር። እኔም ተገላገልኩ ብዬ እዚያው ቀረሁ።

ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጋጋለበት ነበር። ጠዋት ሕፃናት፣ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶች አስተምራለሁ። የከሰዓት ክፍሌ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ገበያ ውለው፣ ወፍጮ ቤት ደርሰው የሚመጡ፣ እርሳሱን እንደ ወስፌ አጥብቀው የሚይዙ። ከሁሉም አንዲት ባልቴት ነበሩ ልቤን የያዙት። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ “ሀ”ን አስተካክሎ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ ግን አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። እሳቸው “ልጄ” ይሉኛል፣ እኔ “እማማ” እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከደባርቅ ደብዳቤ መጣ። በአውራጃው ላሉ ተመራቂዎች የምስክር ወረቀት በሚሰጥበት በዓል ላይ ከመድረኩ ጀርባ የሚሰቀል ትልቅ ሥዕል ይፈለጋል፤ ወርዱ አራት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ጭብጡ “የገበሬው ትናንትና ዛሬ”። ርዕሰ መምህራችን ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ አንብቦ ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። ያስገደደኝ የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። አራት ሜትር ሸራ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም ነበርና ሆዴ አላስችል አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ንድፎች የሞከርኩት በትምህርት ዕቅድ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው። በመጀመሪያው ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ የተጎሳቆለ ገበሬ፣ በቀኝ የጠገበ ገበሬ አደረግሁ። የመድኃኒት ማስታወቂያ መሰለኝና ቀደድኩት። በሁለተኛው በሬዎች በዙብኝ፤ በሬ እወዳለሁ፣ ከጎን ነውና የሚሣለው። እሱንም ተውኩት። በሦስተኛው ነገሩ በራልኝ። ባለርስቱን መሃል ላይ ላቁመው፤ ገበሬዎቹ ዱላና መንሽ ይዘው ከግራና ከቀኝ ይክበቡት፤ እሱ ደንግጦ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘርጋ፤ ባርኔጣው ከራሱ ወድቆ መሬት ላይ ይንከባለል። የተመልካች ዐይን በቀጥታ ወደ መሃል ይሄዳል። ገበሬዎቹ ደግሞ ወደ እሱ ስለሚያዩ ሁሉም ከጎን ይሆናሉ፤ የአፍንጫው ጣጣ አለቀ። የባለርስቱን ፊት ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ካገኘሁት፣ ጢሙ ከረዘመ ዐይኑ ከተለቀ ሽማግሌ በካርቦን ወረቀት ቀዳሁት። ካባ ደረብኩለት። ደብተሩን ራቅ አድርጌ ይዤ እያየሁ ራሴን በራሴ አደነቅኩ።

ረቂቅ ሳይጸድቅ ወደ ሸራ አይኬድም ነበር። ስለዚህ ንድፉን በንጹሕ ካርቶን ላይ ገልብጬ ደባርቅ ወጣሁ። ጉዳዩ የሚመለከተው ኃላፊ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካኪ የሚለብስ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ጥርሱን ያየ የለም ይባል ነበር። መምህራን እሱ ሲነሣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው።

“ይቺ ፀሐይ ምንድን ናት?” አለኝ፣ ቀኙን ጥግ በጣቱ እየነካ።

“አብዮቱ ናት፣ ጓድ።”

“ታዲያ አብዮቱ ጥግ ላይ ምን ይሠራል? ወደ መሃል አምጫት። ትልቅ አድርጊያት።”

እዚያው ቆሜ በላጲስ አጠፋኋትና መሃል ላይ፣ ከባለርስቱ ራስ በስተጀርባ፣ ክብ አድርጌ ሣልኳት፤ ጨረሯንም ዙሪያዋን አወጣሁላት። እውነቱን ለመናገር አማረ። ከግርጌው “በዚሁ መሠረት ይሠራ” ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማህተም አሳረፈበት። ማህተሙ እስኪደርቅ እፍ እያልኩበት ወጣሁ።

ሥራውን የጀመርኩት ሴቶቹን በማስተምርበት ክፍል ነው፤ አራት ሜትር ባዶ ግድግዳ ያለው እሱ ብቻ ነበርና። አቡጀዲ ተገዛ፤ አናጢ የባሕር ዛፍ አጣና ገጥሞ ወጠረልኝ። የተሰባበረ ጠመኔ ወቅጬ ከኮላ ጋር አፍልቼ ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ ሲደርቅ በጣት ቢመቱት እንደ ከበሮ ይሰማል። ከዚያ ረቂቁን ካሬ ካሬ አድርጌ አሰመርኩ፤ ሸራውንም የከሰል ዱቄት በተቀባ ክር በዚያው ልክ ከፋፈልኩት። በረቂቁ አንድ ካሬ ውስጥ ያለውን መስመር በሸራው አንድ ካሬ ውስጥ ማሳደግ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ጥበብ አይፈልግም። በሳምንቱ አሥራ ሁለት ገበሬዎች ከነዱላቸው በከሰል ቆሙ። የነበረኝ ቀለም አራት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በርና መስኮት የሚቀባበት የዘይት ቀለም፣ በላምባ የሚቀጥን። ፀሐይዋን በቢጫ ሞላኋት። የባለርስቱን ካባ ቀይ አደረግሁት። እጄ እስኪዝል ፊቱ ላይ ሠራሁ፤ እያንዳንዷን የጢሙን ፀጉር ለብቻዋ አወጣሁ። በማስተምርበት ሰዓት አሮጌ መጋረጃ እጥልበት ነበር።

አንድ ከሰዓት ግን አላስቀምጥ አለኝና ትምህርቱ እንዳለቀ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አድናቆት መሰለኝ። እማማ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ቀስ ብለው ወደ ሸራው ቀረቡ፤ እጅ ነሡና የአጣናውን ጠርዝ ተሳለሙ።

“ልጄ፣ እኒህ ጻድቅ ማን ይባላሉ?” አሉኝ።

“የትኛው?”

“እኒህ ናቸዋ፣ ብርሃን የከበባቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚጸልዩት።” ከዚያ ወደ ገበሬዎቹ ዞረው ፊታቸውን አጠቆሩ። “ኧረ በሥላሴ! እንዴት ያሉ አረመኔዎች ናቸው የከበቧቸው? ኸየት የመጡ ናቸው? ሁሉም ባላንድ ዐይን!”

“ሰማዕትነት ሲቀበሉ ነዋ፣ እማማ” አለች ከኋላ የተቀመጠች ወጣት እናት። “ዱላውን አያዩትም?”

መጀመሪያ ሳቅሁ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም፤ የተማረ ሰው ባልተማረ ላይ የሚስቀው ነው። “እማማ፣ ይኼ ጻድቅ አይደለም። ባለርስት ነው። ድሮ መሬታችሁን ይዞ ሲያስገብራችሁ የነበረው። የከበቡት ደግሞ ገበሬዎች ናቸው። እናንተ ናችሁ” አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። እማማ ሸራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ሸራውን አዩ።

“እኛ ነን?” አሉ። “እኛን ነው እንዲህ ያረግሽን? ባንድ ዐይን የሚሣለው ይሁዳ ነው። ባንድ ዐይን የሚሣለው ጌታን የገረፈ ነው። ምን በደልንሽ፣ ልጄ? እኔ ባንቺ ላይ ምን አርጌ አውቃለሁ?”

ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወጡ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ባዶው ክፍል ውስጥ ብሩሽ ይዤ ቀረሁ። በመጀመሪያ የተሰማኝ ዕፍረት ነበር፤ ፍርሃቱ ገና አልደረሰልኝም።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በዚያን ጊዜ መምህር ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ መታየቱ የሚመከር አልነበረምና ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ነው የገባሁት። ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት ቆሜ ተመለከትኩ። ጎንደር ከተማ ተወልጄ፣ በእናቴ እጅ ተይዤ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ስሳለም አድጌ፣ ለካ አንድም ቀን አላየኋቸውም። ጻድቃኑ ሁሉ በሁለት ዐይናቸው ቀጥ ብለው ያዩኛል። ይሁዳ አንድ ዐይን ነው። ገራፊዎቹ አንድ ዐይን ናቸው። ዲያብሎስም እንደዚያው። መሃል ላይ ሰማዕቱ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ከራሱ በስተጀርባ ክብ ብርሃን አለ፤ ከግራና ከቀኝ ዱላ የያዙ ሰዎች ከበውታል። የእኔ ሥዕል ነው። የጎደለችው መሬት ላይ የወደቀችው ባርኔጣ ብቻ ናት።

ፍርሃቱ የደረሰልኝ ያኔ ነው። በበዓሉ ቀን ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን፣ ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ በአደባባይ የሚያየው ምንድን ነው? አብዮቱን እንደ ብርሃን አክሊል ደፍቶ የቆመ ባለርስት፣ ዙሪያውን ደግሞ ይሁዳ የሆኑ ገበሬዎች። ነጠላውን አጣፍቶ ቢሳለምስ? “ይህን የሣለው ማነው?” ሲባል መልሱ አንድ ነው። ከዚህ ላነሰ ነገር “ፀረ አብዮት” ተብለው የተወሰዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ ከእኔ ጋር ማሠልጠኛ የነበረ ልጅ ነው፣ የት እንደደረሰ ዛሬም አልተሰማም። እኔ ፀረ ምንም አልነበርኩም። አፍንጫ ያቃተኝ ሴት ነበርኩ፤ ግን ይህን ማን ያምነኛል?

ዝም አይነቅዝም ብዬ በድብቅ ላስተካክለው አሰብኩ። ማህተሙ ትዝ አለኝ። “በዚሁ መሠረት ይሠራ” ተብሏል፤ ሥዕሉ ከረቂቁ ጋር ይመሳከራል፤ “ለምን ቀየርሽው?” ብባል ምክንያቱ ያው የምሸሽገው ነገር ነው። ደግሞም ሃያ ሁለት ሴቶች አይተውታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ስለ እኔ የሚያወራውን መጨረሻ የምሰማው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚነግረው እኔው ሄጄ ብነግረው ይሻላል ወደሚለው አዘነበልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ካርቶኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። የደባርቅ ንፋስ ፊቴን ሲገርፈው፣ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቢቀር እያልኩ እመኝ ነበር። አልተበላሸም። የማይፈለግ ቀን ሁሉም መኪና ጤነኛ ነው።

ኃላፊው ብቻውን ነበር። ተቀመጪ ሳይለኝ ጀመርኩ። “ጓድ፣ ሥዕሉ ተበላሽቷል፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ” አልኩና እማማን፣ መሳለማቸውን፣ አንድ ዐይኑን፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዴን ሳይቀር ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ዘረጋው። ደም ከፊቱ ሲሸሽ አየሁ። ጣቱን በፀሐይዋ ዙሪያ ቀስ አድርጎ አዞረ።

“ይቺን መሃል አድርጊያት ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ አይደል?”

ብልህ ሰው ብሆን “አላስታውስም” እል ነበር። ግን ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ ተፈጥሮዬም እንደዚያ አይደለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ “አዎ፣ እርስዎ ነዎት። ትልቅ አድርጊያትም ብለውኛል” አልኩት።

ተነሣ። በሩን ከፍቶ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየ፤ መልሶ ዘጋው። አለቀልኝ አልኩ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ የምይዝ የምጨብጠው አጣሁ። ቀና ሲል ጥርሱን አየሁት። ድምፅ ሳያሰማ እየሳቀ ነበር፤ ሳቅ ሲያፍኑት እንደሚሆነው እንባው ወርዷል።

“አባቴ ይህን ቢያዩ፣” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “በመቋሚያ ነበር የሚሉኝ።”

“አባትዎ?”

“ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ጃናሞራ። እኔ ቀለም እየበጠበጥኩላቸው ነው ያደግኩት።”

እሱን የምናውቀው የገበሬ ልጅ ብለን ነው። ማኅደሩም ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር አሉ። ውሸት አልነበረም፤ አባትየው ያርሳሉም። ግን ሌላውን ግማሽ ለማንም ነግሮ እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ።

“ታዲያ ረቂቁን ያን ቀን ሲያዩት...” ብዬ ጀመርኩ።

“አላየሁትም” አለ። ሳቁ ቀርቷል። “እንዳላይ ስንት ዓመት ራሴን ሳስተምር ኖሬ፣ ለካ ጥሩ አድርጌ ተምሬዋለሁ።”

 ከዚያ ገበሬዎቹን በጣቱ እየቆጠረ፣ “ለመሆኑ ምን ሆነሽ ነው አሥራ ሁለቱንም ከጎን ያደረግሻቸው?” አለኝ።

“ከፊት ለፊት አፍንጫ መሣል አልችልም” አልኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሁሉ ኑዛዜ የከበደኝ ይህኛው ነው።

እርሳስ አነሣና ባዶ ወረቀት ሳበ። “አፍንጫውን ተይው። ቅንድብ ሣዪ። ቅንድቡን ከዚህ ጀምረሽ እንዲህ ታመጪዋለሽ፤ እዚህ ስትደርሺ እጅሽን ሳታነሺ ወደ ታች ታወርጂዋለሽ። ሌላውንም እንዲሁ። መሃል ላይ የቀረው አፍንጫ ነው።” ሁለት መስመር ብቻ። ከሥራቸው ሁለት ትልልቅ ዐይኖች ከፈተላቸው። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰው ብቅ ብሎ ሁለታችንንም ያየን ጀመር። እጁ አንድም ቦታ አልተጠራጠረም። እኔ ማሠልጠኛ ያጣሁትን፣ ከዚያም በኋላ ዓመታት የሸሸሁትን ነገር በእርሳስ ሁለት ጊዜ ጫር አድርጎ አሳየኝ። በጣም ተናደድኩ፤ በጣምም ደስ አለኝ።

ማህተም ያለበትን ካርቶን አራት ቦታ ቀዶ ኪሱ ከተተው። አዲስ ንድፍ እዚያው አብረን አወጣን፤ ገበሬዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ከመሃል ይቆማሉ፣ ፀሐይዋ ከሁሉም ጀርባ ትዘረጋለች፣ ባለርስቱ ቀኝ ጥግ ላይ ከጎን ሆኖ ይሸሻል። “በዚሁ መሠረት ይሠራ” ብሎ ፈረመና ማህተም አደረገበት።

“የመጀመሪያው ረቂቅ ይኼ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ አልነበረም” አለ። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ፣ “እህቴ፣ ምሳ ብዪ፤ ከስተሻል” አለኝ። ጓድ አላለኝም።

ከደባርቅ እስከ ዳባት የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ወረድኩ። አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጤናዬን ተጠራጥረው ራቅ አሉ። ቆሎ እንደዚያ ጥሞኝ አያውቅም።

ወርጄ መጀመሪያ የሄድኩት እማማ ቤት ነው። ጫማቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል በትከሻዬ ይዘው አነሡኝ። “ተይ፣ ልጄ። ታላወቁት ምን ይደረጋል? እኔስ ‘ሀ’ን ስንት ጊዜ ገልብጬ ጽፌ የለም?” አሉኝ። እንደ ሞዴል እንዲቀመጡልኝ ስለምናቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። “እኔን? በዚህ በረገፈ ጥርሴ?” ቢሉም በነጋታው ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው መጡ። “ሁለቱንም ዐይኔን እንዳትረሽ” ብለው ተቀመጡ።

አሮጌውን በነጭ ሸፈንኩት። ቢጫዋ ፀሐይ ሦስት ጊዜ ተቀብታም ከሥር ብቅ ትላለች፤ በአራተኛው ተሸነፈች። አዲሶቹን ፊቶች ከቅንድብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገበሬ የተቆጣ መሰለ፤ ሁለተኛው ያንቀላፋ። የእማማን ፊት ስይዝ እጄ መንገዱን አገኘ፤ ቅንድባቸው ወርዶ አፍንጫ ሲሆን በዐይኔ አየሁት፣ “ወጣ! ወጣ!” ብዬ ጮህኩ። ሥዕሉ ላይ ከግራ በኩል ደብተር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የባለርስቱን ጢም አሳጥሬ አሾልኩና እሱን ጥግ ላይ አሯሯጥኩት። መጋረጃውን ዳግመኛ የገለጥኩ ዕለት ያቺ ወጣት እናት አንድ ጊዜ አየችና “ያ የሚሸሸው ነው ክፉው” አለች። ማንም አልነገራትም።

በበዓሉ ቀን የደባርቅ አደባባይ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሸራው ከመድረኩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ንፋሱ እያስገባ ሲያስወጣው ገበሬዎቹ የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ሁሉም ደህና እየሄደ ሳለ ከጎንደር የመጡት የክብር እንግዳ ከንግግራቸው በፊት ዞር ብለው ሥዕሉን አዩት። ቆዩበት። ከዚያ ኃላፊውን ጠርተው፣ እኔ በቆምኩበት በሚሰማ ድምፅ፣ “ጓድ፣ ይኼ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይመስልም? ዐይናቸው ምነው እንዲህ በዛ?” አሉት።

 ከአንዱ ገደል ወጥቼ ሌላው ውስጥ እንደገባሁ ያኔ ነው የገባኝ። ኃላፊው ወደ እኔ ጠቁሞ “እሷን ይጠይቋት” ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። ወደ እኔ ዞሮም አላየ።

“ያጸደቅኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ” አለ። “ይህ ሕዝብ ሲያነብ የኖረው ፊደል ይኼ ነው። በሚያውቀው ካልጻፍንለት ማን ያነበዋል?”

እንግዳው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከመድረኩ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩና፣ “አባባ፣ ይኼ ምን ይላል?” አሏቸው ሸራውን እያሳዩ።

ሽማግሌው ከላይ የተጻፈውን መፈክር አላዩትም። “እኒህ መሃል ያሉት ደጎች ናቸው፣ ጌታዬ፤ ፀሐይ ወጥታላቸዋለች። ያ የሚሮጠው ግፈኛ ነው” አሉ። ትንሽ አሰቡና “ወዴት ይደርሳል?” ብለው ጨመሩ። ዙሪያቸው ያለው ሰው ሳቀ። እንግዳውም ሳቁ፤ የኃላፊውን ትከሻ መታ መታ አድርገው ወደ ንግግራቸው ሄዱ።

እኔ ከመድረኩ ጀርባ ዞሬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር ያወቅሁት ሲያልቅ ነው። ጭብጨባው በሸራው ማዶ ይሰማኛል፤ እማማ ስማቸው ተጠርቶ የምስክር ወረቀታቸውን ሲቀበሉ ዕልልታው ጎልቶ መጣ፣ እኔ ግን መነሣት አልቻልኩም።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ኃላፊው ፈልጎ አገኘኝ።

“ደህና ነሽ፣ እህቴ?”

“ደህና ነኝ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ” አልኩት። “ለምን ስሜን አልጠሩም?”

 አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ካኪው ጀርባው ላይ በላብ ርሷል፤ እሱም ፈርቶ ነበር ማለት ነው።

“ቤት ከሄድኩ ሰባት ዓመቴ ነው” አለ ቆይቶ። “መንገዱ ሁለት ቀን አይፈጅም። ሥራ በዛብኝ ብዬ እልካለሁ። ሥራ አይደለም፤ የአባቴን ፊት ፈርቼ ነው። ሰኞ ልሄድ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።”

“ምን ይሉኛል ብለው ነው?”

“እሱ እኮ ነው፤ ምንም አይሉኝም። ፊቴን ይዘው ያዩኛል፤ ከዚያ ‘ብሩሹን አጥበህ አምጣ’ ይሉኛል።”

 ያ ደብዳቤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ቀጥ ብዬ፣ ደፍሬ አየሁት።

“ያጥባሉ ታዲያ?” አልኩት።

“አጥባለሁ” አለኝ።